የሙዚቃ ክበብ ኮከብ መፈለጊያ አይሁን

በብዙ ትምህርት ቤቶች የሙዚቃ ክበብ የሚነቃው ሰኔ ሲቃረብ ነው። የወላጆች ቀን ደርሷል፣ እንግዳ ይመጣል። ድምፁ ያማረ አንድ ልጅ ይፈለግና ሙዚቃው በፍላሽ ተጭኖ ይመጣል። ልጁ ማይክ ይዞ ይዘፍናል፣ ሌሎቹ ከኋላው ይወዛወዛሉ፣ ይጨበጨባል፣ አለቀ። ልጆቹ በቴሌቪዥን የሚያዩት የድምፃውያን ውድድርም ይህንኑ ያጸናላቸዋል። እኔ በአንድ የወጣቶች ማዕከል የባህል ሙዚቃ ቡድን አሠለጥናለሁ። እንዲህ ያለው ክበብ ልጆቻችንን ከሙዚቃ ዋነኛ ትምህርት እያስቀረብን ነው እላለሁ። ልጅ መምራትንም መከተልንም የሚለምደው ከአራት ከአምስት ጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ሲጫወት ነው።

ትምህርቱ ገና ሲቃኙ ይጀምራል። ቡድናችን መሰንቆ፣ ሁለት ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ አለው። ክራርና መሰንቆ ይጠብቃሉ፣ ይላላሉ። ዋሽንት ግን አንዴ ተቆርጦ ከተበሳ በኋላ የሚስተካከል ነገር የለውም፤ ስለዚህ ሌሎቹ ሁሉ ወደ እሱ መምጣት አለባቸው። ይህ ለአዲስ ልጆች ቶሎ አይዋጥላቸውም። ጣቱ የፈጠነ ክራር ተጫዋች ሁሉም በእሱ ልክ እንዲቃኝ ይፈልጋል። ዋሽንት የሚነፋው ልጃችን ደግሞ ዝምተኛ ነው፤ ክራሩ ከፍ እንዳለ እየሰማ መናገር ይፈራል። እኔ አልናገርለትም፣ እጠብቀዋለሁ። ልምምዱ ሊዘገይ ይችላል፣ ይዘግይ። በመጨረሻ ቀስ ብሎ «ሁለተኛዋን ጅማት ትንሽ አላላት» ሲል ባለ ክራሩ ያላላታል። ከዚያች ቀን ወዲያ ሁለቱም እንደ ድሮው አይሆኑም።

ሌላው ልማዳችን በየዜማው አስጀማሪ መቀያየር ነው። አስጀማሪው ፍጥነቱን ይሰጣል፣ መሰንቆው ብቻውን የሚገባበትን በዓይን ይጠቁማል፣ መዝጊያውንም የሚያሳየው እሱ ነው። ከበሮ የምትመታው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የመጀመሪያ ተራዋ ሲደርስ ሞቅ ብሏት ፈጠነች፤ ዋሽንቱ መሀል ላይ ተቋረጠ። «ማን ቀረ?» አልኳት። ዞር ብላ አየችና «ሲተነፍስ አላየሁትም ቲቸር» አለች። አሁን ስትመታ ዓይኗ ከልጁ ትከሻ ላይ አይነሳም፤ ትከሻው ከፍ ሲል አየር እየሳበ መሆኑን ታውቃለች፣ ጊዜ ትሰጠዋለች። ይህን እኔ በቃል ላስተምራት ብል አልችልም ነበር።

አገራችን ለእንዲህ ያለ መምራትና መከተል እንግዳ አይደለችም። ማኅሌት የተከታተለ ሰው ያየዋል፤ ሊቃውንቱ በግራና በቀኝ ትይዩ ይቆማሉ፣ አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል። በቁም ዜማ ተጀምሮ በመቋሚያ ይዘመማል፣ ከዚያ ከበሮና ጸናጽሉ ይገባል፣ እየፈጠነም ይሄዳል፤ ያን ሁሉ ሰው በአንድነት ወደ ላይ የሚያወጣው መደማመጡ ነው። እምቢልታን ደግሞ ተመልከቱ። አንድ ነፊ ለብቻው ከጥቂት ድምፅ በላይ የለውም። ዜማው የሚወጣው ነፊዎቹ ተራ በተራ ሲገቡ ነው፤ አንዱ ከዘገየ ዜማው ተሰበረ ማለት ነው።

ዘመናዊው ሙዚቃችንም በቡድን ነው ያደገው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. በአውሮፓ ጉዟቸው ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸው 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች አዲስ አበባ የመጡት እንደ አንድ የናስ ባንድ ሆነው ነው፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ግብፃዊው ሃሊም ኤል ዳብ የመሠረተው፣ በኋላም ተስፋዬ ለማ የመራው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ከየአካባቢው የመጡ የባህል መሣሪያዎችን በአንድ መድረክ አስቀመጠ። በካሴት ዘመን ሽፋኑ ላይ የድምፃዊው ፎቶ ይወጣ እንጂ ከጀርባው እንደ ሮሃ ባንድ ያሉ አብረው የከረሙ ተጫዋቾች ነበሩ። ዛሬ አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ ሠርጉን ያስጨፍራል። ባንድ መቅጠር ውድ ነውና ደጋሹን አልወቅስም። ወጣቱ ከታላላቆቹ ጋር ተቀምጦ የሚማርበት ቦታ ግን በዚያው ልክ ጠቧል፤ ትምህርት ቤቱ ሊተካው የሚገባውም ይህን ነው።

ቡድን ማቋቋሙ ብቻውን ግን አይበቃም። በወጣትነቴ የተጫወትኩበት ቡድን መሪ እጅግ የተዋጣለት ሙዚቀኛ ነበር፤ ሁሉን ያዛል፣ ሁሉን ይወስናል፣ እኛ ከእጁ ላይ ዓይናችንን አናነሳም። አንድ ምሽት ታመመ። ዜማዎቹን ሁላችንም በቃላችን እናውቃቸዋለን፣ ግን የሚያስጀምረን ጠፋና ዝግጅቱ ቀረ። ሁሉን በራሱ እጅ የያዘ አሠልጣኝ ባየሁ ቁጥር ያ ምሽት ትዝ ይለኛል።

«የእኔ ልጅ ከሁሉም ትበልጣለች፣ ለምን ለብቻዋ አትታይም?» የሚሉኝ ወላጆች አሉ። የተሰጣት ልጅ ለብቻዋ ትጫወት፣ ደስ ይለኛል። ግን አንድ ሳምንት ፊት ከወጣች በሚቀጥለው ሌላውን ታጅብ። ማጀብ ያልቻለ ተጫዋች ጣቱ የቱንም ያህል ቢፈጥን ከእሱ ጋር የሚሠራ ሰው አያገኝም።

ስለዚህ ለርዕሳነ መምህራንና ለውድድር አዘጋጆች የምለው አለኝ። በሚቀጥለው ዓመት በፍላሽ የመጣ ሙዚቃ አይፈቀድ። ተወዳዳሪው ቡድን ይሁን፣ ሦስት ዜማ ያቅርብ፣ በየዜማው አስጀማሪው ይቀየር። ዳኞች ከድምፅና ከጣት ፍጥነት ሌላ ለአገባቡና ለአዘጋጉ ነጥብ ይያዙ፤ አሠልጣኙም ዝግጅቱ ሲጀመር ከመድረክ ወርዶ ከተመልካቹ ጋር ይቀመጥ።