ከልብስ አጣቢዎች ወንዝ



የጭሮን ገበያ ማምሻ ላይ ያየ ሰው የምንለውን ያውቃል። የጫት ገረባ በየጥጉ ይከመራል። ፍየሎች የቻሉትን ይበላሉ፤ የተረፈው ዝናብ ሲመጣ ቦይ ይደፍናል። ወደ ገለምሶና በዴሳ ሲኬድ ደግሞ የቡና ገለባ አለ። ከዚህ መካከል የሚያድግ ልጅ አንድ ቀን፣ «አባ፣ ይህ ሁሉ ለምን ይጣላል? ለምንም አይጠቅምም?» ብሎ ቢጠይቅ ምን እንመልስለታለን? ብዙዎቻችን «አርፈህ ደብተርህን ያዝ!» እንላለን።

እንዲህ ያለው ጥያቄ የት እንደሚያደርስ በአንድ ያገራችን ሰው ታሪክ እንመልከት።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ወጣት ሳይንቲስት ቢልሃርዚያን ለማጥናት ዓድዋ ሄደው ነበር። በሽታውን የሚያስተላልፉት ውኃ ውስጥ የሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ዶክተሩ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። እንዶድ በኦሮምኛ ሐንዶዴ የምንለው ነው። ከሚታጠብበት ቦታ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተዋል፤ ከበላይ ያሉት ግን በሕይወት አሉ። ዶክተሩ አላለፉትም። ሕያው ቀንድ አውጣ በያዘ ዕቃ ውስጥ የእንዶዱን አረፋ አስጨመሩ፤ ሞቱ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ እንዶድ የዕድሜ ልክ ሥራቸው ሆነ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ተቋም መሠረቱ። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 ዓድዋ ላይ በእንዶድ በተደረገው ሙከራ የበሽታው ስርጭት ከመቶ 63 ወደ 34 ወረደ። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ደግሞ ከመቶ 50 ወደ 7 ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1989 ዶክተር አክሊሉ፣ የተሻለውን የእንዶድ ዝርያ በመምረጥ ከደከሙት ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር፣ ብዙዎች «አማራጭ ኖቤል» የሚሉትን ሽልማት ተቀበሉ።

መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። የውጭ ድርጅቶች እንዶድ ለሰውና ለአካባቢ የማይጎዳ መሆኑ በራሳቸው መለኪያ ካልተረጋገጠ አንቀበልም በማለታቸው ዓመታት ባከኑ። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1997 እስከሞቱበት ጊዜ ድረስ ግን ተስፋ አልቆረጡም።

ውድ ወላጆች! ዛሬ ባዮቴክኖሎጂ የሚባለው ትምህርት ከእበት ጋዝ፣ ከስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ ኤታኖል ያወጣል። ከገረባና ከቡና ገለባ ምን ይወጣል? ጫቱ ላይ የተረጨው መድኃኒትስ ምን ይሆናል? ይህን የሚመረምር ልጅ ምናልባት አሁን ከቤታችሁ ተቀምጦ ይሆናል።

ዶክተሩ የተማሩት ከሩቅ አገር ነበር፤ ምርምራቸው የተጀመረው ግን ልብስ ከሚያጥቡ እናቶች ዕውቀት ነው። እንግዲህ የልጁን ጥያቄ አንግፋው፤ የእናትንም ዕውቀት አንናቅ። መልሱን ባናውቅ እንኳ «አላውቅም ልጄ፣ አብረን እንጠይቅ» እንበለው።