የቤጂንግ አየርና የእኛ መንገድ

ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሎምፒክ ማራቶን አልሮጥም ማለታቸውን አንሥተን በክፍላችን ብዙ ተከራክረናል። አብዛኞቹ ጓደኞቼ «ጀግና ከሜዳ አይሸሽም» ሲሉ ፈረዱባቸው። እኔ ግን ፍርዱ የተጣደፈ ነው እላለሁ።

ሻለቃ ኃይሌ አስም አለባቸው። የቤጂንግ አየር በፋብሪካና በመኪና ጭስ የተበከለ ስለ ነበረ፥ በዚያ ውስጥ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር መሮጥ ጤናቸውን እንደሚጎዳ ተረድተው በመጋቢት ወር ውሳኔያቸውን አስታወቁ። ኦሎምፒኩን ግን ጨርሰው አልተዉም፤ 10,000 ሜትር ሮጠው ስድስተኛ ወጥተዋል።

የተከራካሪዎቼ ማስረጃ ቀላል አይደለም። ነሐሴ 18 ቀን ማራቶኑ ሲሮጥ አየሩ እንደ ተፈራው አልሆነም፤ ኬንያዊው ሳሙኤል ዋንጂሩ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ32 ሴኮንድ የኦሎምፒክን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ የእኛው ጸጋዬ ከበደም ሦስተኛ ወጣ። ዳሩ ግን ሹማምንቱ መኪናዎችን በሰሌዳ ቁጥር እያፈራረቁ ከመንገድ አስወጥተው፥ ፋብሪካም ዘግተው ነበር። በመጋቢት የሚወስን ሰው የነሐሴን ሰማይ ከየት ያያል? ደግሞስ ከዚያ ማራቶን በ35ኛው ቀን ሻለቃ ኃይሌ በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ገብተው የዓለምን ክብረ ወሰን አሻሻሉ። ፈሪ የተባሉት እግሮች እነዚያው ናቸው።

ይህን የምጽፈው ስለ ቤጂንግ ተጨንቄ አይደለም። እኛ የአዋሽ ልጆች ልምምድ የምንሮጠው ወደ ጅቡቲ በሚወስደው አስፋልት ዳር ነው። ይኸው መንገድ በገዋኔና በሚሌ አልፎ ሰመራ ይደርሳልና የሰመራ ተማሪዎችም ነገሩን ሳያውቁት አይቀሩም። ባለተሳቢ መኪና ባለፈ ቁጥር የናፍጣ ጭስና አቧራ እንውጣለን። አርፎ የተቀመጠ ሰው በደቂቃ ከ10 ሊትር ያነሰ አየር ሲስብ፥ በኃይል የሚሮጥ ከ100 ሊትር በላይ ሊስብ ይችላል፤ ያውም በአፉ ስለሚተነፍስ አፍንጫ ያጣራው የነበረው አቧራ ወደ ውስጥ ይወርዳል።

አምና አስም ያለበት አንድ ጓደኛችን ከ5,000 ሜትር ውድድር ራሱን ቢያወጣ «ሰነፍ» ብለን ሳቅንበት። ከሳቂዎቹ አንዱ እኔ ነበርሁ። ዘንድሮ ወደ ልምምድ አልመጣም።

ስለዚህ መምህራኖቻችን ልምምዱን ከአስፋልቱ ያርቁልን ዘንድ እለምናለሁ። ፀሐይ ሳትበረታ ከከተማው ወጣ ባለው ሜዳ ብንሮጥ ከጠዋት እንቅልፍ በቀር የሚቀርብን የለም። እሾህ ይበዛበታል የሚል ቢኖር፥ መንቀሉ የእኛ የተማሪዎች ፈንታ ነው። ያን ጓደኛችንንም እኔው ሄጄ እጠራዋለሁ።