ሳያምን የሚያስቀድስ ሰው

በቅዳሴ መካከል፣ ወንጌል ከተነበበ በኋላ፣ ዲያቆኑ ንኡሰ ክርስቲያን እንዲወጡ ያውጃል። የሚወጣ ግን የለም። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀኗ በምትጠመቅበት ቤተ ክርስቲያን፣ ሳይጠመቅ ገና በመማር ላይ ያለ ሰው ማግኘት ብርቅ ነው። አዋጁ ዛሬም አለ፤ የሚታወጅላቸው ሰዎች ግን የሉም ማለት ይቻላል።

በእነሱ ቦታ ሌላ ዓይነት ሰው ቆሟል። በሕፃንነቱ የተጠመቀ፣ ማተብ አስሮ ያደገ፣ ዛሬ ግን የማያምን። እናቱን ላለማስከፋት ያስቀድሳል፤ ለአጎቱ ፍትሐት ይቆማል፤ ጥምቀት ሲደርስ ታቦት ያጅባል። በወንጌላውያን ጉባኤም ይኸው ሰው አለ። እሁድ እሁድ ከሚስቱ ጎን ይቀመጣል፣ መዝሙሩን ይወዳል፣ ጌታን መቀበል የሚፈልግ እጁን ያንሳ ሲባል አንገቱን ይደፋል። ይህን ሰው ምን እናድርገው? ካላመነ ይውጣ የሚሉ አሉ። እኔ ይቆይ ባይ ነኝ፤ ግን ሳይዋሽ።

ይውጣ የሚሉት ወገኖች ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ጉባኤው የአማኞች ነው፣ የማያምነው ሲበዛ ስብከቱ ይለዝባል፣ ስለ ኃጢአትና ስለ ንስሐ መናገር ያሳፍራል ይላሉ። እንግዳ እንዳይከፋው እየተባለ ትምህርቱ የተሸራረፈባቸው ጉባኤዎች መኖራቸው እውነት ነው። ጥፋቱ ግን የባለቤቱ እንጂ የእንግዳው አይደለም። እንግዳው አለዝቡልኝ አላለም። ሊሰማ ከመጣ፣ ቤቱ በእርግጥ የሚያምነውን ሊሰማ ይገባዋል።

ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያው መልእክት፣ በምዕራፍ 5፣ ከመካከላችሁ አውጡት የሚለው ወንድም እየተባለ በግልጽ የሚያመነዝረውን ነው፤ በውጭ ባለው ሰው ላይ መፍረድን ለእግዚአብሔር ይተወዋል። በምዕራፍ 14 ደግሞ የማያምን ሰው ወደ ጉባኤው ሊገባ እንደሚችል ቆጥሮ ነው የሚናገረው። ሁሉም በልሳን ቢናገር ይህ ሰው እብዶች ናችሁ አይላችሁምን ብሎ ይሞግታል። ሐዋርያው የጠየቀው ቃሉ ለመጤው እንዲገባው ነው። ማስረዳት ሌላ፣ ማለዘብ ሌላ። ግዕዙን የማይሰማ ወጣት ለሰዓታት ቆሞ ምንም ሳይገባው ሲሄድ፣ አላምንም ከማለቱ በፊት ያልነው ደርሶት እንደሆነ ራሳችንን ብንጠይቅ አይከፋም።

ኋላ የቤተ ክርስቲያን አባት የተባለው አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ384 ሚላኖ ሲደርስ የንግግር ጥበብ መምህር ነበር። ለዓመታት ማኒ ከተባለ የሃይማኖት መሪ ተከታዮች ጋር ቆይቶ በእነሱም ተስፋ ቆርጧል። የጳጳሱን የአምብሮስን ስብከት ለመስማት የሄደው፣ ራሱ በኑዛዜው መጽሐፍ እንደሚነግረን፣ ሰውየው እንደሚወራለት አንደበተ ርቱዕ መሆኑን ለመመዘን እንጂ ለፍሬ ነገሩ ብሎ አልነበረም። አምብሮስም አላሳደደውም። እንዲያውም አውግስጢኖስ ሊያነጋግረው ሲሄድ ድምፁን ሳያሰማ ሲያነብ ያገኘውና ላለመረበሽ ዝም ብሎ ይመለስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ387 በትንሣኤ ሌሊት ያጠመቀው ግን ያው አምብሮስ ነው። በእነዚያ ዓመታት ስብከቱ ክፍት፣ ማዕዱ ዝግ ነበር፤ እጅህን አንሳ ብሎ ያጣደፈውም የለም።

ይህ ሥርዓት ለእኛ ባዕድ አይደለም። ቅዳሴ ላይ ከሚቆመው ሕዝብ የሚቆርበው ጥቂቱ ነው፤ በአብዛኛው ሕፃናትና አረጋውያን። ሌላው ቆሞ፣ ሰግዶ፣ ጸበል ጠጥቶ ይመለሳል። ውስጥ ለመግባት ያልበቃሁ ነኝ የሚል በቅጥር ግቢው ዛፍ ሥር ሆኖ ያስቀድሳል፤ ለምን እዚያ ቆምክ የሚለው የለም። አብሮ መቆምና መቁረብ የተለያዩ መሆናቸውን ከማንም በላይ የምናውቅ እኛ ነን። ለማያምነውም የሚሆነው ቦታ ይኸው ነው።

መድረኩ ግን ሌላ ነው። በካናዳ ቶሮንቶ ግሬታ ቮስፐር የተባሉ ፓስተር በእግዚአብሔር እንደማያምኑ በይፋ ተናግረው አገልግሎታቸውን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ጉዳያቸውን የመረመረው የቤተ ክርስቲያናቸው ኮሚቴ ለአገልግሎት ብቁ አይደሉም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ግን ስምምነት ተደርሶ በቦታቸው ቆዩ። እኔ ብሆን ወንበር እንጂ መድረክ አልሰጣቸውም ነበር። ወንበር ላይ የተቀመጠ የሚወክለው ራሱን ነው፤ መድረክ ላይ የቆመ ግን ቤቱን ወክሎ ይናገራል።

ከመድረኩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሠርጋችን ነው። ሽማግሌ ተልኮ ቀን ይቆረጣል፤ ወላጆች በቁርባን ካልሆነ አይሆንም ይላሉ። ልጁ እንደማያምን ያውቃሉ፤ ቢያንስ ይጠረጥራሉ። ቢሆንም የንስሐ አባት ይፈለግለታል፣ ጥቂት ቀን ይጾማል፣ ካባ ደርቦ ይቆርባል፣ ካሜራው ይቀርጻል። ቤተሰቡ ያሸነፈ ይመስለዋል። ነገር ግን የልጁን እውነተኛነትም የምሥጢሩንም ክብር በአንድ ጠዋት አጥቷል። ልጁም ከዚያ ወዲያ ስለ እምነት የሚነገረውን ሁሉ እንደ ቴአትር ቢያየው ማን ይፈርድበታል?

አላምንም ያለ ልጅ ቢያንስ እውነቱን ተናግሯል። እናቱም፣ ቄሱም፣ ፓስተሩም ሊሉት የሚገባው፦ መጥተህ ስማ፣ ጠይቅ፣ አብረኸን ቁም፤ ወደ ማዕዱ የምትቀርበው ስታምን ነው። የማያምን ሰው መካከላችን ቢቆም ቤተ ክርስቲያን አትረክስም። ይልቅ ልንፈራው የሚገባን፣ አለማመኑን እያወቅን ለዘመድ ይሉኝታ ብለን የምናቆርበውን ቀን ነው።