የታደሰ መኪና ከነታሪኩ ይሸጥ

እ.ኤ.አ. በ1990 ለለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያልተለመደ ክርክር ቀረበለት። አንድ ሰው አሮጌ የቤንትሌይ የውድድር መኪናውን በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ለመሸጥ ተዋውሎ ነበር፤ ገዢው ኩባንያ ግን «ይህ ያ መኪና አይደለም» ብሎ ከውሉ ወጣ። ያ መኪና የተባለው «ኦልድ ነምበር ዋን» በሚል ስም የሚታወቀው፣ በፈረንሳይ የለ ማን የ24 ሰዓት ውድድርን በ1929 እና በ1930 በተከታታይ ያሸነፈው ነው። በሁለቱም ዓመት ከአሽከርካሪዎቹ አንዱ ዉልፍ ባርናቶ ነበር።

ክርክሩን ያመጣው ከድሉ በኋላ የሆነው ነገር ነው። መኪናው ከአንዱ ውድድር ወደ ሌላው ሲያልፍ ሻንሲው ተቀየረ። ከስድስት ሊትር ተኩል በላይ የነበረው ሞተር ወጥቶ ባለ 8 ሊትር ገባ። በ1932 ብሩክላንድስ ላይ ክላይቭ ደንፊ የተባለው ተወዳዳሪ ከመሮጫው ጠርዝ ወጥቶ ሕይወቱ አለፈ፤ የተጎዳው መኪናም እንደገና ተሠርቶ ጣሪያ ያለው የመንገድ መኪና ሆነ። ፍርድ ቤት ሲደርስ በለ ማን ከሮጠው ብረት የቀረው ጥቂት ነበር።

ዳኛ ኦተን ለሻጩ ፈረዱ። መኪናው በ1929 እንደነበረው አለመሆኑ ግልጽ ነው፤ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕልውናው ሳይቋረጥ፣ ቅርጹን እየለወጠ የመጣ አንድ መኪና ነው፤ ስለዚህ ስሙ ይገባዋል አሉ። ለዚህ ያበቃቸው የእያንዳንዱ ለውጥ ዘመንና ምክንያት ተመርምሮ ሊታወቅ መቻሉ ነው። ማን ምኑን፣ መቼ እንደቀየረው ባይታወቅ ኖሮ ሻጩ በእጁ የሚኖረው አንድ ያማረ አሮጌ መኪና ብቻ ነበር።

ዛሬ ታድሶና ተሻሽሎ ለገበያ የሚቀርብ ክላሲክ ስፖርት መኪና ሁሉ እንዲህ የእያንዳንዱ ለውጥ ታሪክ ተገልጾ ቢሸጥ ለሻጩም ለገዢውም ይበጃል። በገበያው ላይ «ኦሪጅናል» የሚለው ቃል ያለ ልክ ተወድዷል፤ ስለዚህ ሻጮች የተለወጠውን ይሸፍናሉ፣ ያደሱትን ያልተነካ ያስመስላሉ። ይህ ገዢውን ማታለል ከመሆኑም በላይ መኪናውን ያደሱትን ባለሙያዎች ድካም ይሰርዛል። ወራት ፈጅቶ ላሜራውን የቀጠቀጠ ሰው ሥራው እንደ ነውር ሊደበቅበት አይገባም።

የፖርሸ 911 ገበያ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1972 ፓሪስ ላይ ለሕዝብ የታየው ካሬራ አርኤስ 2.7 የተሠራው የውድድር ደንብ ለማሟላት ነበር። ፋብሪካው 500 ብቻ ሊሠራ አስቦ ፈላጊው ስለበዛ 1,580 ሠራ። ባለ 210 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ከኋላ በሞተሩ ክዳን ላይ የዳክዬ ጅራት የሚባለው ክንፍ ተተክሎበታል። መልኩ እጅግ ከመወደዱ የተነሣ በኋለኞቹ ዓመታት ተራ 911 ያላቸው ሰዎች ክንፉን፣ ሰፋ ያለውን የኋላ ፓራፋንጎና በጎኑ ላይ የሚጻፈውን ስም እየገጠሙ አርኤስ አስመሰሉት። ብዙዎቹ በፍቅርና በጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው፤ ሲነዱም ያስደስታሉ። ጣጣው የሚመጣው መኪናው እጅ በለወጠ ቁጥር ነው። የመጀመሪያው ባለቤት «አስመስዬ ያሠራሁት ነው» ብሎ የሸጠውን፣ ሁለተኛው ነገሩን ሳያነሣ ይሸጠዋል፤ ሦስተኛው ጋ ሲደርስ አርኤስ ተብሎ ይወጣል። እውነተኛው በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ዶላር የሚሸጥ በመሆኑ ፈተናው ቀላል አይደለም። በዚህ የተነሣ ገዢ የሻንሲ ቁጥሩን ከፋብሪካው መዝገብ ጋር ሳያመሳክር ማንንም አያምንም፤ እውነተኛውን ይዞ የመጣ ሻጭም በሐሰተኞቹ ምክንያት ይጠረጠራል።

የሰው ምርጫም አንድ ቦታ አይቆምም። ቱርቦው 911 በ1970ዎቹ አጋማሽ ከወጣ በኋላ የቀደሙት ሞዴሎች ባለቤቶች ጤነኛውን ፓራፋንጎ እያስቆረጡ የቱርቦውን ሰፊ የኋላ አካል አስገጠሙ። ያኔ ዘመናዊነት ነበር። ዛሬ ደግሞ ያ የጥንቱ ጠባብ አካል እጅግ ተፈላጊ ሆኖ፣ የተቆረጠውን ላሜራ ወደ ቦታው ለመመለስ ብዙ ገንዘብ ይወጣል። በአንጻሩ የ1980ዎቹን መኪና ገዝተው ትልቁን ፓራውልት አስወልቀው የ1960ዎቹን መልክ የሚያለብሱት በርክተዋል። የነገው ገዢ ምን እንደሚወድ ስለማይታወቅ የወለቀ ዕቃ መጣል የለበትም። የድሮው ካርቡራተር፣ ቸርኬ፣ ወንበርና መሪ በሣጥን ታሽገው ከመኪናው ጋር ሲሸጡ አዲሱ ባለቤት የመምረጥ መብት ይኖረዋል። ፊቫ የተባለው ዓለም አቀፍ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን ያወጣው የቱሪን ቻርተርም መንፈሱ ይኸው ነው፤ ለውጥ ሲደረግ ይመዝገብ፣ በተቻለ መጠንም ወደ ነበረበት ሊመለስ የሚችል ይሁን ይላል። ቻርተሩ መነሻ ያደረገው በ1964 ለታሪካዊ ሕንፃዎችና ሐውልቶች ጥበቃ የወጣውን የቬኒስ ቻርተር ነው። አሮጌ መኪናን እንደ አሮጌ ቤተ መንግሥት በክብር መመልከት የሚገባ ነው።

ለውጥ ራሱ ዋጋ ሲሆንም ታይቷል። ዘፋኟ ጃኒስ ጆፕሊን በ1968 አንድ ያገለገለ ፖርሸ 356 በ3,500 ዶላር ገዛች። ቀለሙ አላስደሰታትምና ከባንዷ ጋር ይሠራ ለነበረው ለዴቭ ሪቻርድስ 500 ዶላር ከፍላ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ በሥዕል አስሞላችው፤ ቢራቢሮ፣ መልክዓ ምድር፣ የባንዱ አባላት ፊት፣ ሁሉም አለበት። በ1970 ከሞተች ከጊዜ በኋላ መኪናው በቤተሰቧ እጅ ገባ። ሥዕሉ እየተላላጠ ሲሄድ ወንድሟ የፋብሪካውን ግራጫ ቀለም አስቀባው። በ«ኦሪጅናል» ሚዛን ከታየ መኪናው የዳነው ያኔ ነበር፤ ቤተሰቡ ግን በ1990ዎቹ ሥዕሉን ከፎቶግራፍ እያስተያዩ መልሰው የሚሥሉ ሠዓሊዎች ቀጠረ። በታኅሣሥ 2015 ኒው ዮርክ ላይ በጨረታ ሲሸጥ 1.76 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። የተሸጠው ሥዕል በ1968 የተቀባው አለመሆኑን ተጫራቾቹ ያውቁ ነበር፤ ምንም አልተሸሸገባቸውም፣ ዋጋውንም አልቀነሰውም።

ካሊፎርኒያ ያለው ሲንገር የተባለ ድርጅት ደግሞ መኪናን በግልጽ መለወጥን ወደ ሙያ አሳድጎታል። መሥራቹ ሮብ ዲኪንሰን ቀድሞ የሮክ ባንድ ድምፃዊ ነበር። ድርጅቱ ስሙን ባስጠራበት ሥራ በ1989 እና በ1994 መካከል የተሠራውን 964 የተባለ የ911 ዓይነት ከባለቤቱ ይቀበላል፤ እስከ ብረቱ ገፍፎ፣ ብዙውን የውጭ አካል በካርቦን ፋይበር ተክቶ፣ ሞተሩን እንደ አዲስ ሠርቶ ይመልሳል። እንዲህ የተሠሩት እጅ ለእጅ ሲሸጡ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር አልፈው ያውቃሉ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ድርጅቱ ስለ ሥራው የሚናገርበት ጥንቃቄ ነው። መኪና እንደማያመርትና እንደማይሸጥ፣ የደንበኛን መኪና እንደሚያድስ ብቻ ይናገራል። የሻንሲ ቁጥሩም መኪናው ከፖርሸ ፋብሪካ ሲወጣ የያዘው ነው። ዓለም ያደነቀው የተለወጠ መኪና የተለወጠ መሆኑን በአደባባይ እየተናገረ ይሸጣል።

ያልተነካ መኪና ብልጫ እንዳለው መካድ አይቻልም። በጥር 2020 አንድ የ1971 ዳትሰን 240ዜድ በአሜሪካ የኢንተርኔት ጨረታ 310 ሺህ ዶላር ሲያወጣ ገዢዎችን ያሻማው እንደተጠበቀ መቆየቱ ነው። እንዲህ ያለ መኪና ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ስፖርት መኪና የሚገዛው ሊነዳ፣ ሊፈተን፣ አንዳንዴም ሊጋጭ ስለሆነ አብዛኛው ተበላሽቶ ተሠርቷል። የጀርመን ሕግም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ 30 ዓመት ያለፈው በደንብ የተያዘ መኪና «ኤች» የሚል የታሪካዊ መኪና ሰሌዳ ሲሰጠው፣ በዘመኑ ይደረጉ የነበሩ ለውጦችን ይዞም ቢሆን መመዝገብ ይችላል።

የዋጋ ነገር ከተነሣ ሻጮች የሚሳሳቱበት አንድ ቦታ አለ፦ ያወጡትን ደረሰኝ ሁሉ ደምረው ዋጋ ማድረግ። የላሜራና የቀለም ሥራ ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር ሰዓት ሊበላ ይችላል፤ ይህን ሁሉ ገበያው አይመልስም። በልዩ ትዕዛዝ የተሠራ የወንበር ቆዳ ወይም ደማቅ ቀለም የባለቤቱ ምርጫ ነው፤ ደስታውንም እሱ አግኝቶበታል። ሌላው ሰው ያንኑ ካልወደደ አይከፍልበትም፤ ጭራሽ ለማስቀየሪያ የሚያወጣውን አስቦ ይቀንሳል። በፍሬን፣ በካምቢዮ፣ በሞተርና በሻንሲ ላይ የወጣው ግን ሌላ ነው። እሱ የሰው ሕይወት የሚጠብቅ ሥራ ስለሆነ ሻጭ ሳያፍር ሊጠይቅበት ይገባል። ለምሳሌ ፖርሸ የ911ን አካል ሙሉ በሙሉ በዚንክ በተለበጠ ብረት መሥራት የጀመረው ከ1976 ሞዴል ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ከወለሉ፣ ከበሩ ሥርና ከፊት ባትሪው ከሚቀመጥበት ዙሪያ ይበሰብሳሉ። ዝገቱን ቆርጦ በአዲስ ብረት የበየደ ሰውና በስቱኮ ደፍኖ ቀለም ያስቀባ ሌላ ሰው መኪናቸውን ጎን ለጎን ቢያቆሙ በዓይን አይለዩም። የሚለያቸው ቀለም ከመቀባቱ በፊት ብረቱ ተራቁቶ ሳለ የተነሣ ፎቶግራፍ ነው። ይህ ፎቶ የሌለው ሻጭ ሠራሁ ያለውን ሁሉ ገዢው እንዳልተሠራ ቢቆጥርበት ሊከፋ አይገባም።

ለአዲስ አበባ አንባቢ ይህ የሩቅ አገር ወሬ መስሎ እንዳይታየው። ጆፕሊን የነዳችው 356 የቮልስ ዘመድ ነው። በ1948 በኦስትሪያዋ ግሙንድ መሠራት ሲጀምር ሞተሩን ጨምሮ ብዙ ዕቃው ከቮልክስዋገን የመጣ ነበር። የዚያው ቤተሰብ ልጅ የሆነችው ቮልስ በከተማችን ጋራዦች ላሜራዋ እየተስተካከለ፣ ቀለሟ እየታደሰ፣ ቸርኬዋ እየተለወጠ እስከ ዛሬ ትሄዳለች። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያለውን አድሶ የመያዝ ምክንያት ጨምሯል። ሆኖም ሥራው እንዴት እንደተሠራ መዝግቦ የሚይዝ ባለቤት ብዙ አይደለም። ሞተሯ ተቀይሮ በሊብሬው ላይ የድሮው ቁጥር እንዳለ የቀረ መኪና ስም ሊዛወር ሲባል ጣጣ ያመጣል፤ ያደሰው መካኒክ አንድ ወረቀት እንኳ ስለማይሰጥ ሻጩ በአፉ ብቻ ይምላል፣ ደላላውም ይጨምርበታል።

ይህን ለማስተካከል የሚያስፈልገው ትንሽ ነው። ሥራው ሲጀመር፣ ብረቱ ሲራቆትና ሲያልቅ በስልክ የተነሣ ፎቶ፤ የተቀየረው ዕቃና የተቀየረበት ቀን የተጻፈበት ደብተር፤ የሠራው ጋራዥ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ፤ የወለቁት ዕቃዎች። ሻጭ እነዚህን ይዞ፣ ገዢው የራሱን መካኒክ አምጥቶ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ሥሩን እንዲያይ፣ ስቱኮ የተሞላበት ቦታ ካለ ማግኔት እያስጠጋ እንዲፈልግ ሊፈቅድለት ይገባል። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ካለም የት እንደሆነና ለምን እንደሆነ ቀድሞ ሊነግረው ይገባል፤ ዋጋ የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው።