ካሴቱን ከመስጠታችሁ በፊት

በብዙዎቻችን ቤት፣ ቁም ሣጥን አናት ላይ ወይም አልጋ ሥር፣ በፌስታል የተጠቀለሉ የቪዲዮ ካሴቶች አሉ። ሰርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ አንዳንዴም ለቅሶ። ማጫወቻው ከተበላሸ ቆይቷል፤ አዲስ ልግዛ ቢሉም የለም። የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ እንኳ የቪኤችኤስ ማጫወቻ መሥራቱን እ.ኤ.አ. በ2016 አቁሟል። ካሴቱም በተቀመጠበት ያረጃል፤ እርጥበት ካገኘው ይሻግታል። ስለዚህ ባለሙያ ጋ መሄድ የግድ ነው። ምን ብላችሁ እንደምታዙት ግን አስቡበት።

የእኛ ቤት ካሴት የእህቴ ሰርግ ነው። አባታችን በሕይወት የለም፤ ድምፁ የቀረልን እዚያ ላይ ብቻ ነው፣ ሙሽሮቹን ሲመርቅ። እህቴ አንድ ስቱዲዮ ሰጥታ በፍላሽ ተቀብላ መጣች። ምስሉ ጠርቷል፤ መግቢያው ላይ ልቦች እየተንሳፈፉ የሙሽሮቹ ስም ይወጣል። ምርቃቱ ጋ ስንደርስ የአባታችን ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማው ግን የፒያኖ ሙዚቃ ነው። ልጁን ስትጠይቀው፣ «የድሮው ድምፅ ሹ… እያለ አስቸገረኝ፤ አሳምሬላችሁ ነው» አላት። ክፋት የለበትም። ሰርግ ማቀናበር የለመደ ሰው ረጅም ንግግር ሲያይ እጁ ወደ መቁረጡ ይሄዳል። እናታችን ግን ምንም ሳትናገር ተነሥታ ጓዳ ገባች።

ደግነቱ ካሴቱን መልሶልን ነበር። ሌላ ባለሙያ ጋ ወስደን አስገለበጥነው፤ «ውለዱ፣ ክበዱ» የሚለው ከነሹሹታው ተገኘ።

መገልበጥ አንድ ሥራ፣ ማቀናበር ሌላ ሥራ ነው። መጀመሪያ ካሴቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ሳይቆረጥና ሙዚቃ ሳይጨመርበት ይገልበጥ በሉ። ማሳመሩ ከዚያ በኋላ፣ በሌላ ቅጂ ላይ ይደረስበታል። ዲቪ በሚባለው ዓይነት ከተገለበጠ አንድ ሰዓት ወደ 13 ጊጋባይት ይይዛል፤ ለዚህ ሃርድ ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ። ለስልክና ለቴሌቪዥን የሚሆነውን ኤምፒ4 ከእሱ ያወጣላችኋል። የሦስት ሰዓት ሰርግ በአንድ ጊጋ ብቻ ከተሰጣችሁ ግን ተጨምቆ ተጨምቆ ነውና ጠይቁ።

የድሮ ምስል ወርዱ ጠባብ ነው። ለዛሬው ሰፊ ስክሪን ብለው ሲለጥጡት ሙሽራዋ ሳትወፍር ትወፍራለች፤ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቅር። «ኤችዲ እናደርግላችኋለን» ለሚለውም ብዙ አትክፈሉ፤ ካሴቱ ላይ ያልተቀረጸ ከየትም አይመጣም። ካሴቱ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ የእነሱ አቀራረጽ ኤንቲኤስሲ፣ የእኛ ፓል ስለሆነ ሁለቱንም የሚያነብ ማጫወቻ ይፈልጋል። የሻገተም ከሆነ ሳይጸዳ አይከተት፤ ቴፑንም ማጫወቻውንም ያበላሻል።

ከቤት ሳትወጡ የካሴቱን ጀርባ እዩ። ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ ካልተሰበረች ስበሯት፤ ከዚያ በኋላ ማንም በስሕተት ሌላ ነገር አይቀርጽበትም። ውጭ አገር ላሉት ዘመዶች በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለዚያ እንደገና ይጨመቃል።