የጤና ዓምድ፦ የአስታማሚ ሥራ

ዛሬ የምናነበው ከባድ ነገር ነው። ግን በማንኛችንም ቤት ሊገባ የሚችል ነገር ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ያስቸገራችሁን ቃል አስምሩበትና ለአስተማሪያችሁ አሳዩ።

በትምህርት ጣቢያችን አንድ ባልና ሚስት አብረው ይማሩ ነበር። እሷ ፈጣን ነበረች። ፊደሉን ቶሎ ለየች። እሱ ግን ይዘገይ ነበር። «አንተ፣ አሁንም ‹ጸ› እና ‹ጰ› ይምታቱብሃል?» እያለች ትስቅበት ነበር። እሱም አብሯት ይስቅ ነበር።

ከጊዜ በኋላ ራስ ምታት ያዛት። ጠዋት ጠዋት ይብስባታል፤ ያስመልሳታል። ቀጥሎ ቀኝ እጇ እየደከመ ሄደ። እንጀራ ስትጋግር አክንባሎው ከእጇ ይወድቅ ጀመር። አንድ ቀን ከምድጃው አጠገብ ወድቃ ተንፈራገጠች። ጎረቤት ተሰበሰበ። ከፊሉ «ቡዳ ነው» አለ። ከፊሉ «ዛር ነው» አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ግን «ኧረ ጤና ጣቢያ ትሂድ!» አለች። ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ላካት። ሆስፒታሉም ወደ አዲስ አበባ ላካት። እዚያ ጭንቅላቷ በመሣሪያ ሲታይ፣ በግራ በኩል አንጎሏ ላይ ዕጢ ተገኘ። ሐኪሞች የራስ ቅሏን ከፍተው ዕጢውን አወጡላት።

ባልየው ለመንገድና ለማረፊያ አንድ በሬ ሸጧል። ሚስቱን ይዞ ሲመለስ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። «እንኳን እግዜር ለቤትሽ አበቃሽ!» ተባለ። እኛም ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር። አላለቀም። ሌላ ሥራ ገና መጀመሩ ነበር። ያ ሥራ የሐኪም አይደለም። የአስታማሚ ሥራ ነው።

ዕጢ ምንድን ነው?

ዕጢ ማለት በሰውነት ውስጥ ያለ ቦታው የሚያድግ ሥጋ ነው። የራስ ቅል አጥንት ነው፤ አይለጠጥም። ስለዚህ ዕጢው ሲያድግ አንጎልን ይጫናል። ራስ ምታቱ፣ ማስመለሱ፣ የእጅ መድከሙና መንፈራገጡ ከዚህ ይመጣሉ። ዕጢ ሁሉ ካንሰር አይደለም። በዝግታ የሚያድግና ወደ ሌላ ቦታ የማይዛመት ዕጢም አለ። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ከዕጢው ተቆርጦ የተወሰደው ናሙና ሲመረመር ነው። ውጤቱን ሳትጠይቁ አትቅሩ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት ምንም አያመጣም።

መድኃኒቱ

በስድስተኛው ቀን ሚስትየው ተሻላት። ራስ ምታቱ ለቀቃት፤ ምግብም በላች። ባልየው ተደሰተ። «እንግዲህ ድናለች፤ የቀረው ኪኒን ለክፉ ቀን ይቀመጥ» ብሎ አሰበ። ኪኒኑን ሊቋጥር ሲል ከወረቀቱ ላይ ጽሑፍ አየ። ተቀመጠና እንደለመደው በጣቱ እየጠቆመ አነበበ። «በ-ድ-ን-ገ-ት አ-ይ-ቆ-ም።» ደግሞ አነበበው። ኪኒኑን ወደ ቦታው መለሰ።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ ይህን ሲነግረን ዝም ብለን ተያየን። ፊደል ያስተማርነው ለዚህ ነውና።

ያ ኪኒን ዴክሳሜታዞን ይባላል። ሥራው የአንጎልን እብጠት መቀነስ ነው። ሰውነታችን ለዚህ መድኃኒት የቀረበ ነገር ራሱ ይሠራል። ኪኒኑ ለብዙ ቀን ሲወሰድ ግን ሰውነት የራሱን መሥራት ይተዋል። በድንገት ከተቋረጠ ሰውየው ሊወድቅ፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ ሐኪም በነገረን መሠረት ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ይቆማል። ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ በባዶ ሆድ ጨጓራ ይጎዳል። እንቅልፍ ሊነሳ፣ ቁጣ ሊያመጣ ይችላል። የደም ስኳርንም ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ውሃ ጥም ከበዛና ሽንት ከተደጋገመ ለሐኪም ንገሩ።

የሚጥል በሽታን የሚከላከለውም ኪኒን እንዲሁ ነው። ሐኪም ሳያዝ አይቋረጥም። ጠላና አረቄም ከእሱ ጋር አይስማሙም።

ሚስትየው ጾም ነው ብላ ሳትበላ ልትውል ነበር። የንስሐ አባቷ መጥተው «ልጄ፣ ታማሚ አይጾምም፤ ብዪና መድኃኒትሽን ዋጪ» አሏት። ጠበል ለምትሄዱም እንዲሁ እንላለን፦ መድኃኒቱን አታቋርጡ። ቁስሉ ሳይድን ደግሞ ጭንቅላት ውሃ ውስጥ አይግባ።

ቁስሉና ዕረፍቱ

ቁስሉ ንጹሕና ደረቅ ይሁን። ቅቤ፣ ቅጠል ወይም ሌላ ነገር አይቀባ። ስትተኛ ጭንቅላቷ በትራስ ከፍ ይበል። ከባድ ነገር አታንሳ። 20 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ይህን ሐኪም ሳይፈቅድ አትሸከምም። ድካሙ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ስንፍና አይደለም። አንጎል ሲያገግም ዕረፍት ይፈልጋል።

ጠያቂ መብዛቱም ችግር ነበር። ቤቱ ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ይሞላል። ባልየው እንግዳ እንዴት ይመልስ? ነውር ነው። በኋላ አንዲት ጎረቤት መላ አመጡ። «በቀን ሁለት ሁለት ሰው እንግባ፤ ሌሎቻችን ውጭ ሆነን ሥራ እናግዝ» አሉ። ጥሩ መላ ነው።

የጠፉት ቃላት

ከሁሉ የከበደው ይህ ነበር። ሚስትየው ቃል ይጠፋት ጀመር። ውሃ ስትፈልግ «ያንን… ያንን…» ትላለች። ካልገባቸው ትቆጣለች፤ ከዚያ ታለቅሳለች። መጽሐፏን ስትከፍት ፊደሎቹ አልመጡላትም። ያ ሁሉ የለየችው ፊደል! መጽሐፉን ወረወረችው።

ባልየው መጀመሪያ ተናደደ። «ሴትዮዋ ተለወጠችብኝ» አለን። እኛም ከጤና ጣቢያው ሐኪም ጠይቀን ነገርነው። በአብዛኛው ሰው ንግግርና ንባብ የሚመሩት በግራው አንጎል ነው። ቀኝ እጅንም የሚያዘው እሱ ነው። ቀዶ ጥገናው የተደረገው እዚያው ነው። ስለዚህ ቃል መጥፋቱ፣ ቁጣውና ለቅሶው የጠባይ ክፋት አይደለም። የሰይጣንም ሥራ አይደለም። ብዙው በልምምድና በጊዜ ይሻሻላል። ሁሉም ባይመለስ እንኳ ሰው ያንን ይዞ መኖር ይለምዳል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በአጭር ቃል እንናገር። አንድ ጊዜ አንድ ነገር እንጠይቅ። «ውሃ? ወይስ ወተት?» እንበል። መልሱን እንጠብቅ፤ አፏ ላይ አንንጠቅ። ጫጫታ እንቀንስ። በሰው ፊት አንሳቅባት።

ባልየው ሌላም አደረገ። ማታ ማታ ኩራዙን አብርቶ የራሱን መጽሐፍ ይከፍታል። «ነይ፣ እኔም ይጠፋኛል፤ አብረን እንፈልገው» ይላታል። ያ ዘገምተኛ የነበረው ሰው! በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ፣ እስኪደክማት ድረስ ብቻ።

ቢጥላትስ?

መጀመሪያ ከእሳቱ አርቋት። በጎኗ አስተኟት። ከጭንቅላቷ ሥር ልብስ አድርጉ። አፏ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ። በጉልበት አትያዟት። ክብሪት አታሽቷት። እስክትነቃ አብራችኋት ሁኑ። ብቻዋን እሳት ዳር አትቀመጥ፤ ብቻዋንም ወንዝ አትሻገር።

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት፦

1. መንፈራገጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳትነቃ ደግሞ ከጣላት።
2. ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ማስመለስ ከተደጋገመ፣ ወይም እንቅልፏ በዝቶ መንቃት ካቃታት።
3. ትኩሳት ካላት ወይም አንገቷ ከደረቀ።
4. ከቁስሉ መግል ወይም እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ከወጣ።
5. እጅ ወይም እግር እንደ አዲስ ከደከመ።
6. አንድ እግሯ ካበጠና ካመማት፣ ወይም ትንፋሽ ካጠራት።

አስታማሚውስ?

አንድ ቀን ባልየው ከክፍል ገብቶ እንቅልፍ ወሰደው። «እርስዎስ እንዴት ነዎት?» አልነው። ዝም አለ። ከዚያ «ልጆቼ፣ ውሃ እቀዳለሁ፤ ሊጥ አቦካለሁ፤ አርሳለሁ። ወንዶቹ ይስቁብኛል። ሌሊት ደግሞ ትንፋሿን ሳዳምጥ ይነጋል» አለ።

እኛም አፈርን። እስከዚያ ቀን ሁላችንም የጠየቅነው ስለ እሷ ብቻ ነበር።

በሳምንቱ በሰንበቴው ላይ ነገሩ ተነሣ። አንድ ሽማግሌ «የሚስቁት የታሉ? እስቲ እነሱ ይሞክሩት» አሉ። የሚመልስ አልተገኘም። አንዱ ገበሬ በሬውን ከእሱ በሬ ጋር አቀናጀለት። ሴቶቹ ተራ ገብተው እንጀራ ጋገሩለት። ሁለት ወጣቶች ውሃ ቀዱ። እህቷ በሳምንት ሁለት ሌሊት እሷ ዘንድ አደረች፤ እሱም ተኛ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

አሁን የቀጠሮ ቀኗን ራሱ አንብቦ ይወስዳታል። ቀኝ እጇ ገና ሙሉ አልበረታም። ባለፈው ሰኞ ማታ ግን መጽሐፉን ከእጁ ወሰደች። ጣቷን አስቀምጣ «ው-ሃ» ብላ አነበበች። ቀና ብላ አየችውና «አንተ፣ ‹ጸ› እና ‹ጰ›ስ?» አለችው።

ጥያቄዎች

1. ባልየው ኪኒኑን ሊያቆም ሲል ምን አገደው?
2. ሰው ሲጥለው ማድረግ የሌለብን ምን ምን ነው?
3. ሚስትየው ለምን ትቆጣ ነበር?
4. በእናንተ መንደር የሚያስታምም ሰው አለ? በዚህ ሳምንት ምን ታግዙታላችሁ? በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።