ፒክአፕ ከመግዛትህ በፊት ገመዱ የት እንደሚሰካ ንገረኝ

ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

ፒክአፕ ስል ሃይሉክስ ትዝ ያላችሁ የያቤሎና የሞያሌ ወዳጆቼ ይቅርታ፣ ዛሬ ስለ መኪና አይደለም የማወራው። ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ከክሮቹ ስር ስላለው፣ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ስለሚቀይረው ዕቃ ነው። ባለፈው ሳምንት "የፒክአፕ ጥሩነት በኪሎ ኦም አይለካም፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ" ብዬ ሁለት መስመር ለጥፌ ነበር። የወረደብኝ መዓት! አንዱ "ስንት ዓመት የተጫወቱ ሰዎች እያሉ ዲፕሎማ ያለው የፊዚክስ መምህር እንስማ እንዴ?" አለኝ። ሌላው "የሀበሻ ድምፅ ሲንግል ኮይል ብቻ ነው፣ አለቀ" ብሎ ዘጋው። ነገሌ እኮ በ1966 ወታደሮች በውሃና በምግብ ጉዳይ ያመፁባት ከተማ ናት። እኔ በፒክአፕ ባምፅ ምን ይገርማል?

ስለ ዲፕሎማው በአጭሩ መልሼ ልለፍ። ሊዮ ፌንደር፣ ያ የምትምሉበትን ስትራቶካስተር እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጣው ሰውዬ፣ ጁኒየር ኮሌጅ ገብቶ የተማረው የሂሳብ አያያዝ ነው። ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ጊታር መጫወት ደግሞ አይችልም ነበር። በቃ፣ ይሄ ይበቃል።

አሁን ወደ አናደደኝ ጉዳይ።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አለ። ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል፣ ይሄን ስጽፍም ፈቅዶልኛል። ኋላ ወንበር ተቀምጦ ዴስክ እየደበደበ ሪትም ሲመታ ስንት ጊዜ ከክፍል አስወጥቼዋለሁ። አሁን ሠርግ ላይ ጊታር ይጫወታል፤ ነገሌም፣ አዶላም፣ ሻኪሶም ይጠሩታል። ጊታሩ የስትራት ቅጂ ነው፣ ርካሽ ግን ጤነኛ። ከወራት በፊት መንገድ ላይ አገኘኝና "ባርሲሳ፣ ድምፄ ታፍኖብኛል፣ ኪቦርዱ እየዋጠኝ ነው፣ ፒክአፕ ልቀይር ነው" አለኝ። የፈተና ወረቀት ተሸክሜ ነበር። "ቆይ፣ መጥቼ አየዋለሁ" አልኩት። አልሄድኩም። ይሄ የኔ ጥፋት ነው።

እሱም ቪዲዮ አየ። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ "ጉልበት ከፈለግክ ኪሎ ኦሙን እይ" አለው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሻጭ ጋ ደወለ። ሻጩ "ያንተ 7 ኪሎ ኦም ነው፣ ይሄ 16 ነው፣ በእጥፍ ይበልጣል" አለው። አባቱ ሁለት ፍየል ሸጡ። እዚህ አካባቢ የምትኖሩ ታውቃላችሁ፣ ዝናቡ ወቅት እየዘለለ ቀርቶ ከብት ካለቀ በኋላ በአንድ ቤት የተረፈች ፍየል ማለት ምን ማለት እንደሆነ። ዕቃው ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ተጭኖ መጣ። ተገጠመ። ቅዳሜ ሠርግ ላይ ተሰካ። ድምፁ ከበፊቱ የባሰ ታፈነ። ወፍራም ሆነ እንጂ አልጠራም፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ እንደሚያወራ ሰው።

እሑድ ጊታሩን በጀርባው አዝሎ ቤቴ መጣ። "ጊታሬ ተበላሽቷል" አለኝ። እኔ ጊታሩን አላየሁትም። "ገመዱን የት ነው የምትሰካው?" አልኩት። "ሚክሰሩ ላይ ነዋ" አለኝ።

ነዋ! አብዛኞቻችን እኮ የጊታር አምፕ የለንም። ከያቤሎ እስከ ነገሌ፣ ከቡሌ ሆራ እስከ ሞያሌ የማውቃቸው የሠርግ ባንዶች ጊታሩንም፣ ኪቦርዱንም፣ ማይኩንም አንድ ሚክሰር ላይ ነው የሚሰኩት። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ ግን አምፕ ላይ ነው የሚሰካው። የጊታር አምፕ መግቢያው አንድ ሚሊዮን ኦም አካባቢ ነው፤ ከፒክአፑ ምንም አይወስድም ማለት ይቻላል። የሚክሰር ተራ መግቢያ ደግሞ 10 ሺህ ኦም ገደማ ነው። ኪቦርድ ምንም አይሰማውም፣ ለሱ የተሠራ ነው። ፒክአፕ ግን ይታነቃል።

ተማሪዎቼ፣ ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ሠርተነዋል። ሁለት ሬዚስተር በተከታታይ፣ ቮልቴጁ ይከፋፈላል። ፒክአፑ 7 ሺህ፣ ሚክሰሩ 10 ሺህ ከሆነ፣ ከመቶው ሚክሰሩ ጋ የሚደርሰው 59 ነው። ፒክአፑ 16 ሺህ ሲሆን 38። በእጥፍ ይበልጣል የተባለው ዕቃ ካመነጨው ውስጥ የሚበዛውን እዚያው መንገድ ላይ ጣለው። ይሄ እንግዲህ ለወፍራሙ ድምፅ ነው። ለቀጭኑ ይብሳል። ጥቅል ሽቦ ድግግሞሹ ከፍ ባለ ቁጥር የበለጠ ይከለክላል፣ ዙሩ ሲበዛ ደግሞ ክልከላው ይጨምራል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሞተው ያ ጥርት የሚያደርገው፣ ክሩ ሲነካ "ጭው" የሚለው ክፍል ነው። ልጁ ጥራት ፍለጋ ሄዶ ጥራት የሚገድል ዕቃ ገዛ። በሁለት ፍየል።

ዕቃው የተቀመጠበት ቤት አብረን ሄድን። ሚክሰሩን አቧራውን ጠረግኩት። የመጀመሪያው ቻናል ላይ፣ ከድምፅ መቆጣጠሪያው በላይ፣ "ሃይ-ዚ" የሚል ትንሽ ቁልፍ አለ። ማንም ነክቶት አያውቅም። ይሄ ቁልፍ ሲጫን የዚያ ቻናል መግቢያ ለጊታር እንዲሆን ይቀየራል። ጊታሩን ከሦስተኛው ቻናል ነቅዬ እዚያ ሰካሁና ቁልፉን በጥፍሬ ተጫንኩ። "ምታ" አልኩት።

መታ። ከዚያ ቆመ። እንደገና መታ። እኔ ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ልጁ የስፒከሩ ሳጥን ላይ ቁጭ አለና "አባቴን ምን ልበለው?" አለኝ።

እኔም የምለው ጠፋኝ።

ስለዚህ "ኪሎ ኦም እይ" እያላችሁ ቪዲዮ የምትሠሩ፣ እናንተም እሱን ይዛችሁ የምትሸጡ፣ እኔ የምቆጣው በዚህ ነው። የኦም ቁጥር የሚነግርህ ሽቦው ምን ያህል ረጅምና ቀጭን እንደሆነ ብቻ ነው። ያንኑ ያህል ዙር በቀጠነ ሽቦ ብትጠቀልለው ቁጥሩ ያድጋል፣ የክሩ ድምፅ ግን በዚያ ልክ አያድግም። ማግኔቱ ምን እንደሆነ አይነግርህም፤ አልኒኮ ይሁን ሴራሚክ፣ ብርቱ ይሁን ደካማ። መንገድ ምን ያህል እንደሚረዝም ሰምተህ የመኪናውን ፍጥነት እንደመገመት ነው። ሻጩ ይሄን አያውቅም ብዬ ልመን? ካላወቀ ለምን ይመክራል? ካወቀ ደግሞ...

ወደ ሁለተኛው ጎራ ልለፍ። "ትክክለኛው የሀበሻ ድምፅ ሲንግል ኮይል ነው" ባዮች። እነዚህን እወዳቸዋለሁ፣ ምክንያቱም ቢያንስ የሚያዳምጡ ሰዎች ናቸው። የሮሃ ባንድን ካሴቶች፣ የሰላም ሥዩምን ጊታር ጠቅሰው ነው የሚከራከሩት። እኔም በዚያ ካሴት ነው ያደግኩት። ግን እስቲ በእውነት እንነጋገር፤ ነገሌ የደረሰን ካሴት ስንት ጊዜ ተገልብጦ ነው የደረሰን? እኛ "ያ ቀጭን የድሮ ድምፅ" የምንለው ግማሹ የካሴቱ ድካም ነው። ጊታሪስቱ ስቱዲዮ ውስጥ የሰማውን እኛ አልሰማንም። ደግሞ አሊ ቢራ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ጊታርም ዑድም ይዞ ዘፍኗል። ዑዱ ውስጥ ፒክአፕ ስለሌለ የኦሮሞ ዘፈን መሆኑ ቀረ? ትዝታም ሆነ ባቲ፣ የኛ የቆላውም ዜማ፣ ያለው ጣትህ ላይ ነው፤ ክሩን እንዴት እንደምትስበው፣ የት እንደምትለቀው። ፒክአፕ ያንን ያሳልፋል ወይም ያፍናል፣ አይፈጥረውም።

ሲንግል ኮይል ጥሩ አይደለም አላልኩም። መብራቱ ንፁህ፣ ኧርዙ ትክክለኛ በሆነበት ስቱዲዮ እኔም እሱን ነው የምመርጠው፤ እንደሱ ጥርት ያለ የለም። ግን እኛ የት ነው የምንጫወተው? ድንኳን ውስጥ፣ በጄኔሬተር። ጎን ላይ ፍሎረሰንት አለ፣ የስልክ ቻርጀር የተደረደረበት ማከፋፈያ አለ፣ መብራት ሲመጣ ሲሄድ የሚጮህ ስታብላይዘር አለ። ሲንግል ኮይል አንድ ጥቅል ሽቦ ነው፤ የክሩን ንዝረት ብቻ ሳይሆን በአየር ላይ ያለውን የመብራት ጥዝዝታም ይለቅማል። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ በዘፈኑ መሀል ዝም ስትል የምትሰሙት ያ "እእእእ" እሱና ብዜቶቹ ናቸው። ሽማግሌ ሊመርቅ ሲነሳ ጊታሩ ጥዝዝ ሲል የሰማ ሰው የማወራውን ያውቀዋል።

የጊብሰኑ ሴዝ ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 የፈጠራ መብት ማመልከቻ ያስገባበት ሀምባከር የተሠራው ለዚህ ነው እንጂ ለሮክ አይደለም። ሁለት ጥቅል ሽቦ ጎን ለጎን፣ አጠቃለላቸው የተገላቢጦሽ፣ ማግኔታቸውም የተገላቢጦሽ። የክሩ ድምፅ ሁለቴ ስለሚገለበጥ ይደመራል፤ ከአየር የሚመጣው ጥዝዝታ ማግኔቱን ስለማያውቀው አንዴ ብቻ ይገለበጥና እርስ በርሱ ይጠፋፋል። እንዴት ያለ ቆንጆ ሐሳብ ነው! ክፍል ውስጥ ሳስረዳው ሁሌ እኔው ብቻዬን ነው የምደሰተው።

እንግዲህ የኔ አቋም ይሄ ነው፣ ልትሰድቡኝ ትችላላችሁ። በኛ ከተሞች ለሠርግና ለመድረክ የሚጫወት ልጅ፣ መቀየር የግድ ከሆነበት፣ መካከለኛ ሀምባከር ይግዛ። 7 ወይም 8 ኪሎ ኦም አካባቢ፣ ሻጩ "ደካማ ነው" የሚለውን። ደካማ አይደለም፤ የድምፅ ማጉላት ሥራ የሚክሰሩ ነው። ሁለት ሀምባከር ያለው ጊታር ከሆነ የድምፅ መቆጣጠሪያው 500 ኪሎ ኦም መሆኑን አረጋግጡ፤ የሲንግል ኮይሉ 250 ከተተወ ያው ይታፈናል። ጠጋኞች እዚህ ላይ ነው የሚሸውዷችሁ፣ ወይም ራሳቸው የሚሸወዱት። ባትሪ የሚፈልጉት አክቲቭ ፒክአፖች ሚክሰር ላይ በቀጥታ ሲሰኩ እንደማይታነቁ አውቃለሁ፣ እንዲያውም በፊዚክሱ ካየነው ለኛ እነሱ ይሻሉ ነበር። ግን ሠርጉ መሀል ባለ 9 ቮልቱ ባትሪ ቢያልቅ በሌሊት ከየት ታመጣለህ? ገመዱን ሰክተህ ከረሳኸው ባትሪውን ይጨርሰዋል እኮ።

ግን አብዛኞቻችሁ ምንም መግዛት የለባችሁም። ባለ ሦስት ሲንግል ኮይል ጊታር ካላችሁ መምረጫውን ከጫፍ ሁለተኛው ቦታ ላይ አድርጉት፣ ከዚያ አራተኛው ላይ። የመሀሉ ፒክአፕ ተገልብጦ የተጠቀለለ ከሆነ ጥዝዝታው ቀጥ ይላል፤ ሀምባከር በነፃ። ካቻቢቴ አምጡና የፒክአፑን ከፍታ አስተካክሉ፤ ክሩ ላይ ከተለጠፈ ማግኔቱ ክሩን ይጎትተዋል፣ ቅኝቱም ይዛባል፣ ወረድ ስታደርጉት ይተነፍሳል። ክር ቀይሩ። ዓመት የቆየ የዛገ ክር ይዞ ስለ ፒክአፕ የሚከራከር ሰው አይቻለሁ፣ እዚሁ ከተማ። ሚክሰራችሁ ሃይ-ዚ ከሌለው ዲአይ ቦክስ የሚባል ትንሽ ሳጥን አለ፣ ከጥሩ ፒክአፕ ይረክሳል፣ ባንዱ ተዋጥቶ አንድ ቢገዛ ለሁሉም ጊታር ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ይሄኛው ቀልድ የለውም። ጊታር ይዛችሁ ከንፈራችሁ ማይክ ሲነካ የሚነዝራችሁ ካለ፣ ፒክአፑ አይደለም ጥፋቱ፣ "ለምደነዋል" የሚባል ነገርም አይደለም። ኧርዝ የለም ማለት ነው። የጊታር ክሮች ከገመዱ ግራውንድ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ማይኩ በሌላ መስመር ከሆነና አንዱ ኧርዝ ከሌለው መሀል ላይ ያለህ ሽቦ አንተ ነህ። እ.ኤ.አ. በ1972 የስቶን ዘ ክሮውስ ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ ማይክ ሲነካ ኤሌክትሪክ ይዞት ሞቷል። ብሪታንያ ውስጥ። እኛ ድንኳን ውስጥ እርጥብ መሬት ላይ ቆመን ነው የምንዘፍነው። የጄኔሬተሩን ኧርዝ ሳታዩ አትሰኩ፣ ሙሽራው ቢቆጣም ይቆጣ።

ልጁ ፒክአፑን አልመለሰም፣ ሻጩ "የተገጠመ ዕቃ አልቀበልም" ብሎታል። ባለፈው ቅዳሜ አብረን አውጥተን የድሮውን መለስነው። እርሳሱን እኔ አቀለጥኩ፣ ሽቦውን እሱ ያዘ። ባለ 16ቱ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። የጊታር አምፕ ኖሮት ሮክ የሚጫወት ሰው ካለ ለሱ በእውነት ይሆነዋል፣ አዲስ ነው፣ በውስጥ መስመር ያናግረኝ፤ ገንዘቡ በቀጥታ ለአባትየው ነው የሚገባው። ጊታራችሁ ጥዝዝ የሚልባችሁ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት አለሁ። ገመዳችሁንም ይዛችሁ ኑ።